ካልሲ ውስጥ የተደበቀው ትንፋሽ

ይድረስ ለማከብርህ፣ ዛሬ ግን ለተቆጣሁህ ለወንድም ጋሼ፦

እንዴት ከርመሃል? ቤቱስ፣ ሥራውስ፣ ያ አልለቅ ያለህ ሳልስ? እማዬ ደህና ናት? ትንሿ እህታችንስ ከሰው መጣላቱን ተወች? እኔ ናፍቆታችሁና ንዴቴ እኩል ይዘውኝ ከመክረማቸው በቀር ደህና ነኝ።

ወደዚህ ወደ ሯጮች ማደሪያ የሸኘኸኝ ዕለት "አስም እንዳለብሽ ለማንም እንዳትናገሪ፤ በሽተኛ ሯጭ ማን ይመርጣል?" ብለኸኝ አልነበር? ቃልህን አክብሬ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቴን፣ ፓፌን፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ደበቅኩት። ከልምምድ በፊት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ እስበው ነበር። አብረውኝ የሚያድሩት አምስቱ ጀግኖች ለካ ሲሰልሉኝ ከርመዋል። እንዲህ የሚደበቅ ነገር የፍጥነት መድኃኒት ካልሆነ ምን ይሆናል ተባባሉ። ከአምስቱ አንዲቷ እንኳ አእምሮ አልፈጠረባትም!

በምርጫው ውድድር ጠዋት ካልሲዬን ፈትተው እስኪያልቅ ድረስ ተራ በተራ ሳቡት። በትንፋሿ ስለምትመጻደቅ "ሳንባ" የምንላትማ ሁለቴ ደግማለች አሉ። እኔ ስስበው ባዶ ነው። እንደ ሞኝ ሳልናገር ገብቼ ሮጥኩ፤ ስምንተኛው ዙር ላይ ደረቴ ተቆለፈና ወደቅኩ። እነሱም እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ልባቸው እየዘለለ፣ አንዷም ሳታልፍ ቀረች። አሰልጣኙ ኮፍያውን መሬት ላይ ሲፈጠፍጠው ብታይ!

የቡድናችን ሐኪም ስትሰማ ሳቀችባቸው። አስም ለሌለበት ሰው ልብ ከማስደለቅ በቀር አይፈይድም አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራ ግን አልሳቀችም። አስም ያለባቸው ታላላቅ ሯጮችና ዋናተኞች ብዙ መሆናቸውን፣ መድኃኒቱም በልኩ ከተወሰደ የተፈቀደ መሆኑን ነግራኝ፣ ለምን ደበቅሽ አለችኝ። ወንድሜ ነው ያለኝ ማለት አፈርኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ መድኃኒቱንም ጭምር ደበቅኩልህ።

አሁን ጠዋትና ማታ የሚሳብ ሌላም ታዞልኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሰልጣኙ ብቻዬን በሰዓት ይፈትነኛል፤ ከወደቅኩ ወደ ቤት ነው። ፓፌ ጠረጴዛዬ ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ የደፈረች ትንካው!

እነሱን ንቄ ስጨርስ አንተ ቀረህ። ሩጫ የተውኩት ጉልበቴን አሞኝ ነው ስትለን ስንት ዓመት አመንኩህ። ደረጃ ስትወጣ የሚሰማው ምንድን ነው? ጉልበት ያፏጫል እንዴ፣ ወንድም ጋሼ?

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ትንሿን እህቴን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ። ለአክስቴና ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊውም ሰላምታዬን አድርስ። ያንተን ሰላምታ ግን ይዤዋለሁ፤ ሐኪም ቤት ሄደህ ስትጽፍልኝ ትወስዳለህ።

እህትህ
ከሯጮች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
መጋቢት ፬ ቀን