የተቃጠለ ዘይቴ የደረሰበትን ስለማሳወቅ

ለአደገኛ ቆሻሻ ምዝገባና ክትትል ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ
ከሚሴ

ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ተከታተል ባለኝ መሠረት ተከታትዬ ስላገኘሁት በርሜል

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ ማኅተምዎ እና በተለይም አዲሱ አጥርዎ እንዴት ከርማችኋል? አጥሩን ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ወደ ታች ሲያነቡ ያገኙታል፤ ለጊዜው ጤንነቱ አሳስቦኝ ነው ብለው ይያዙልኝ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከመጪው ሰኞ በኋላ እንዴት እንደምሆን የሚያውቀው አላህ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የእርስዎ መዝገብ ቤት ሳያውቅ አይቀርም።

ስሜ ሙሀመድኑር አደም ይባላል። ከሚሴ ውስጥ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባጃጅ እጠግናለሁ፣ ዘይት እቀይራለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ቆሻሻዬ የጠየቀኝ የመንግሥት ሰው ስላልነበረ፣ ባለፈው ሰኔ ሦስት ሠራተኞችዎ በአንድ ላይ መጥተው በፈገግታ ሲጠይቁኝ ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ። ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልደብቅዎትም። ባለቤቴ ሳቢራ ይህን ጠባዬን አትወድልኝም፤ ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ሰላምታውን አገላብጬ ካላየሁ አልመልስም እያለች ትስቅብኛለች። ከዚህ ወር ወዲህ ግን መሳቁን ትታለች።

ሆኖም እውነቱን ልናገርና የምዝገባው ማስታወቂያ ሲለጠፍ ደስ ብሎኝ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት እኔም እንደ ሌላው ሁሉ የተቃጠለ ዘይት ከጓሮዬ ወደሚያልፈው ቦይ እደፋ ነበር። ቦዩ ቁልቁል ወርዶ የጎረቤቴ የዘይና የሽንኩርት መደብ ይደርሳል። አንድ ክረምት ሽንኩርቷ እንዳለ ጠቁሮ ቀረ። ዘይና አልጮኸችብኝም፣ ሽማግሌም አልላከችብኝም፤ አንድ የጠቆረ ሽንኩርት ከነሥሩ ነቅላ አመጣችና የመሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ደፍቼ አላውቅም። ሰማያዊ በርሜል አስቀምጬ፣ ከላዩ የቆርቆሮ ጥላ ሠርቼለት፣ በሞላ ቁጥር ኮምቦልቻ ድረስ ጭኜ ለሚረከቡት ሰዎች ሳደርስ ኖሬያለሁ። እናም አነስተኛ ድርጅቶች አደገኛ ቆሻሻቸውን በአሥር ቀን ውስጥ ያስመዝግቡ ሲባል በማግሥቱ ቢሮዎ ደጃፍ ተገኘሁ። ከከተማው ነጋዴ ሁሉ መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ ተብዬ ተጨብጭቦልኛል። መጀመሪያ ጋራዡ የሚታሸግበትም እኔ መሆኔ እንግዲህ ለቀዳሚነቴ የተሰጠኝ ክብር መሆን አለበት።

ቅሬታ የሚለውን ቃል ለመጠቀም ድፍረቱ የለኝም። ከዚህ በታች በቁጥር የዘረዘርኳቸውን ምስጋናዎች ብለው ቢቀበሉኝ ደስ ይለኛል።

1. ስለ ቅጹ። ቅጹ አርባ አንድ ጥያቄ አለው። በርሜሉ ስንት ሊትር ይይዛል፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ የግቢው በር ስንት ቁልፍ አለው፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው ይላል። ቆሻሻህን እስከ መድረሻው ተከታተል ተብያለሁና ይህ ሁሉ ለክትትል ያስፈልጋል ብዬ ጥርጣሬዬን ዋጥ አደረግሁት። ጥያቄ 33 ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ፤ «ባለቤቱ በግቢው የማይገኝባቸው ቀናትና ሰዓታት» ይላልና። እኔም «ዓርብ፣ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ለጁምዓ ሶላት» ብዬ በቅንነት ሞላሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሌባ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ስላረማችሁኝ አመሰግናለሁ።

2. ስለ አንዲት ቃል። «የቆሻሻው ዓይነት» በሚለው ቦታ ላይ «የተቃጠለ ዘይት፣ 180 ሊትር» ብዬ ጻፍኩ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ሞተር ውስጥ ሠርቶ ሠርቶ የጠቆረን ዘይት ከሰንበቴ እስከ ባቲ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ክብሪት የጫረበት የለም። መዝጋቢዋ ወይዘሪት ፊርደውስ ግን ቀና ብለው ማን እንዳቃጠለው ጠየቁኝ። ቀልድ መስሎኝ ሞተሩ ነዋ አልኳቸው። እሳቸውም አልሳቁም፤ ጻፉት። ቀጥለው በአፋን ኦሮሞው ዓምድ «ጉበቴ» ብለው ሞሉ፤ ተቃጠለ ማለት ነው። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በሁለት ቋንቋ፣ መቶ ሰማንያ ሊትር ዘይት አቃጥዬ ከቢሮዎ ወጣሁ።

ወይዘሪት ፊርደውስ የከሚሴ ልጅ ናቸው። አባታቸው ባጃጅ አላቸው፤ ዘይት የሚቀይሩትም እኔ ዘንድ ነው። ቃሉ ጠፍቷቸው ነው እንዳልል ይህን አስታውሳለሁ፤ ሆን ብለው ነው እንዳልል ደግሞ ያሳደጓቸውን ሰዎች አፍራለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ሳልል ልለፈው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን «አደገኛ ቆሻሻ ያለ ፈቃድ በማቃጠልና አየር በመበከል» የሚል የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ወዲያው መጥቼ ዘይቱ አለመቃጠሉን፣ በርሜሉም እንደቆመ መሆኑን አስረዳሁ። ምክትልዎ በትሕትና አድምጠውኝ መዝገብ እንደማይፋቅ ነገሩኝ። እባክዎ መጥተው በርሜሉን በዓይንዎ ይዩት ብላቸው፣ በመዝገቡ መሠረት የተቃጠለን ነገር ሄዶ ማየት የሥራ ድርሻቸው እንዳልሆነ አስረዱኝ። በሳምንቱ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ፤ ከቃጠሎው የተረፈውን አመድ መቶ ሰማንያ ሊትር ሳላጎድል እንዳስረክብ ያዛል። አመድ በሊትር ሲሰፈር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ትምህርቱን ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

3. ስለ አመዱ ርክክብ። ነሐሴ 2 ቀን ዓርብ ነበር። ከጁምዓ ሶላት ስመለስ በርሜሌ የለም። ሳቢራ በእጇ ወረቀት ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ መስጊድ እያለሁ አቶ ጀሚል የተባሉ ቆሻሻ ሰብሳቢ የአህያ ጋሪ ይዘው፣ ሁለት ተሸካሚ አስከትለው፣ አመድ ልረከብ መጣሁ ብለው ገብተዋል። ሳቢራ ይህ አመድ አይደለም፣ ዘይት ነው፣ ባለቤቴ እስኪመጣ ታገሡኝ ብላ ለምናቸዋለች። እሳቸውም አብሽሪ እህቴ፣ በወረቀቱ ላይ አመድ ነው ብለው በርሜሉን ጭነው ሄደዋል። ለወግ ያህል «አመድ 180 ሊትር ተረክቤያለሁ» የሚል ደረሰኝ ፈርመው ሰጥተዋታል። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ማኅተም የለውም። ሰዓቱንም ጽፈዋል፤ ሰባት ሰዓት ከሩብ። ጥያቄ 33ን በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ቢሮዎ ውስጥ መኖሩን ያረጋገጥኩት ያኔ ነው።

4. ስለ ክትትል። ነሐሴ 13 ቀን የተጻፈው ሦስተኛ ደብዳቤ የተመዘገበው ዘይት የመጨረሻ መድረሻ የት እንደሆነ እንዳስረዳ፣ ካላስረዳሁ ፈቃዴ እንደማይታደስና ሰኞ ነሐሴ 26 ቀን ጋራዡ እንደሚታሸግ ይገልጻል። ሲፈለግ ተቃጥሎ የነበረው ዘይት እዚህ ደብዳቤ ላይ ተመልሶ ዘይት መሆኑ ገርሞኛል። የአቶ ጀሚልን ደረሰኝ ይዤ ስቀርብ ደግሞ ይህ ስለ አመድ እንጂ ስለ ዘይት አይናገርም ተባልኩ። በዚህ መካከል አቶ ጀሚልን የሚያውቃቸው ሰው ቢሮዎ ውስጥ ጠፋ። ጀሚል? የቱ ጀሚል? እየተባባሉ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ቆይተው ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ።

እኔ ግን ክቡር ሆይ፣ ተከታተል ስባል የምከታተል ዜጋ ነኝ። የበርሜሌ ክዳን ከጠፋ ቆይቷል፤ በጨርቅ ነበር የምወትፈው። በጋሪ ላይ ሲንገጫገጭ ጨርቁ እንደሚላላ፣ ዘይቱም እንደሚንጠባጠብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ያውቃል። ስለዚህ ያን ዓርብ ዝናቡ ሳይመጣ ጎንበስ ብዬ ጠብታውን ተከተልኩ። ከግቢዬ በር ተነሥቶ አስፋልቱን ተሻገረ። ባጃጆች የሚቆሙበት ጋ ሰፋ ብሎ ተንጠባጥቧል፤ ጋሪው ቆሞ ሰላምታ ሳይለዋወጡ አልቀሩም። ከዚያ ኮብልስቶኑን ይዞ ዳገቱን ወጣና የእርስዎ ቢሮ በር ስር ገባ። ጥበቃው የዓርብ ከሰዓት ባለጉዳይ እንደማይስተናገድ ነግሮ መለሰኝ። ጫማው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር።

በሳምንቱ አዲሱ የባሕር ዛፍ አጥርዎ ከታች እስከ ወገቡ ጠቁሮ፣ አብረቅርቆ አየሁት። ሽታውን የማላውቀው መስሎት ከሆነ የቀባው ሰው ተሳስቷል፤ ከዚህ ሽታ ጋር ነው ያረጀሁት። የተቃጠለ ዘይት ለምስጥ ፍቱን ነው፤ ምስጥ አይቀርበውም። በዚህ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ያማረ አጥር እንኳን በምስጥ በሰው ዓይንም መበላት የለበትም። ዘይቱ የእኔ ነው አልልም። የእኔ ዘይት በመዝገብ ተቃጥሏል፣ አመዱም በደረሰኝ ተወስዷል። አንድ ሰው የእርስዎን አጥር በማን ዘይት እንደቀባ መጠርጠር ግን በየትኛውም ደንብ ላይ ተከልክሎ አላየሁም።

እስከዚህ ድረስ ብዙውን በሣቅ ላልፈው እችል ነበር። አሁን የምጽፈውን ግን በሣቅ መጻፍ አልቻልኩም።

ቢሮዎ ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ነው የተሠራው፤ ያ ቦይ የሚነሣው ከአጥርዎ ሥር ነው። የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ለማንም አያዝንም። አጥሩን እያጠበ ያን ጥቁር ውኃ በጓሮዬ አሳልፎ ወደ ታች ሰደደው። ትናንት ጧት ዘይና መጣች። ከስምንት ዓመት በፊት እንዳደረገችው አንድ የጠቆረ ሽንኩርት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ዓይኔን ሳታይ ሄደች። ተከትያት ወጥቼ ወላሂ እኔ አይደለሁም አልኳት። በርሜልህ የታለ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ባዶውን ቦታ አሳየኋት፤ ባዶ ቦታ ደግሞ የሚመሰክረው ደፍቶታል ብሎ ነው። ጋራዡ ቢታሸግ አብረውኝ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ሥራ እንዳያጡ ፈርቻለሁ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ምን እጀምራለሁ እያልኩ ተጨንቄያለሁ። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ጠብታ ሳልደፋ ያገኘሁትን የዚያችን ሴት እምነት በአንድ ክረምት መነጠቄ ነው። ለዚህ ማካካሻ የሚሆን ቅጽ ካላችሁ አርባ አንድም ቢሆን እሞላለሁ።

5. ስለምለምነው ነገር። ልመናዬ አጭር ነው። በመዝገቡ ላይ «የመጨረሻ መድረሻ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ «የጽሕፈት ቤቱ አጥር» ብለው በእጅዎ ይጻፉልኝ፣ ማኅተም ያሳርፉበት፣ አንድ ቅጂ ለዘይና ይላኩላት። ይህ ከከበደ ጽሕፈት ቤትዎም አደገኛ ቆሻሻ በግቢው የያዘ ተቋም ነውና እንደ ማናችንም ቅጹን ይሙላ። ጥያቄ 33ን በምን እንደምትሞሉት ለማንበብ ከተማው ሁሉ በጉጉት ይጠብቃል።

ይህን በማለቴ ከፍ ዝቅ አድርጌ ከሆነ፣ ጥፋቱን የምስጡ አድርገው እኔን ይማሩኝ፤ እጅዎ ከማሸግ፣ ብዕርዎ ከመፈረም፣ አጥርዎ ከማብረቅረቅ እንዳይቦዝን እየተመኘሁ እስከ ሰኞ ድረስ ባለ ጋራዥ፣ ከሰኞ በኋላ ግን እርስዎ እንደሚወስኑት የምሆን፣

መዝገብ አክባሪዎ
ሙሀመድኑር አደም

አባሪ፦ አንድ የጠቆረ ሽንኩርት ከነሥሩ። ጠረጴዛዎ ላይ እንዲቀመጥልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ያመጣልዎ ሰው እንዳይጮህብዎ ነግሬዋለሁ።

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ዘይና፣ ባለ ሽንኩርቷ
ለአቶ ጀሚል፣ የሚያውቃቸው ሰው ከተገኘ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሦስተኛውን ደብዳቤ ይዤ ስመጣ በአጥርዎ በኩል ተጠግቼ ስላለፍኩ ሱሪዬ ከጉልበቱ በታች ጠቁሮ ቀርቷል። በደንቡ መሠረት እንደ አደገኛ ቆሻሻ ቆጥሬ በላስቲክ አስሬ፣ ቀኑንና ምንጩን ጽፌበት አስቀምጬዋለሁ። ማስመዝገብ ስላለብኝ ረቡዕ ጧት ይዤው እመጣለሁ። ወይዘሪት ፊርደውስ እንደ ልማዳቸው የተቃጠለው ምንድን ነው ብለው ከጠየቁኝ፣ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእርግጥ የተቃጠለው አንጀቴ ብቻ መሆኑን ከወዲሁ እንዲጽፉልኝ ይንገሩልኝ፤ ሊትሩን ግን እኔም አላውቀው።