«ይቅደሙ» ስላልኩ የታለፈው የዓይኔ ተራ

ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

በመንዝ ደጋ የስኳር ሕሙማንን ዓይን ለሚመረምረው ጥናት
አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መሐል ሜዳ

አመልካች፦ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ባምላኩ፣ የሞላሌ አካባቢ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በትሕትና የተናገርኩት ቃል እንደ እምቢታ ስለተመዘገበብኝ፣ ዓይኔ እንዲመረመርልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የበግ ፀጉር ፈትዬ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሸማኔ በመሸጥ የምተዳደር፣ ስኳር በሽታ ይዞኝ የቆየሁ፣ መድኃኒቴንም ሳላቋርጥ የምወስድ ሴት ነኝ። ባለፈው ግንቦት የጥናቱ ነርስ ሲስተር ትህትና ወደ ሞላሌ መጥተው ስኳር ያለብንን ሰብስበው አስረድተውናል። ስኳር ዓይንን የሚጎዳው ከኋላ በኩል ነው፣ ሲጀምር አያምም፣ ሰው ማየት ሲያቅተው ግን ብዙ ነገር አልፏል ብለውናል። ጥናቱም የዓይንን ጓዳ በካሜራ እያነሳ ሕመሙን ገና ሳይብስ ለመያዝ እንደሆነ ነግረውናል። እኔም «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብዬ በልቤ አመሰገንኩ።

2. በምርመራው ቀን ከአበልጄ ከወይዘሮ አረጋሽ ወሰኔ ጋር አብረን ሄድን። ልጄን እታገኝን ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውም ስኳር አለባቸው። ሰው በዝቶ ስንጠብቅ ዋልን። ወደ ማምሻው ላይ ሲስተር ትህትና ብቅ ብለው፣ ካሜራው በነጋታው ወደ ሌላ ወረዳ ስለሚሄድ ከእንግዲህ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ተራው የእኔ ነበር።

3. እኔም እንደ ሀገሬ ደንብ «አበልጄ፣ ይቅደሙ» አልኳቸው። እሳቸውም እንደ ደንቡ «ኧረ በሥላሴ፣ እንዴት ተደርጎ!» አሉ። ደግሜ «በእመቤቴ ይግቡ» አልኩ። ክቡር ኃላፊ፣ የሀገር ልጅ ከሆኑ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ያውቁታል። የተለመነው ሰው የባለተራውን ክንድ ይዞ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ባለተራውም እየተግደረደረ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን በር፣ በማኅበር ቤት፣ በሠርግ ቤት ስናደርገው የኖርነው ይኸው ነው። ወይዘሮ አረጋሽ ግን «እንግዲያስ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ገቡ! ዓይኔ እያየ ተራዬ ሄደ።

4. በኋላ ሄጄ ብጠይቅ «በፈቃዳቸው ትተዋል» ተብዬ እንደተመዘገብኩ ተነገረኝ። ጥናቱ በሰው ፈቃድ የሚካሄድ ስለሆነ አንዴ የተወ ሰው ተመልሶ አይገባም ተባልኩ። ምነው፣ እኔ መቼ ተውኩ? በእኛ ዘንድ «ይቅደሙ» ማለት ሰውን ማክበር ነው እንጂ ርስት መልቀቅ አይደለም። ነርሷም እንግዳ ስለሆኑ አልፈርድባቸውም፤ ወይዘሮ አረጋሽ ግን እዚሁ ነው የተወለዱት።

5. ከዚህ በታች አንቱታውን ትቻለሁ፤ ስላናደደችኝ ነው። አረጋሽ ዓይኗ ከኋላ ደም ማፍሰስ መጀመሩ በካሜራው ታየ፤ ሪፈር ተጽፎላት ደብረ ብርሃን ሄዳ በጨረር ታከመች፤ ሕመሙም ቆመላት። እሰየው፤ ክፉዋን አልመኝም። ግን የዓይኗን ፎቶ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በገበያው ታዞረዋለች! «ይሄ ብርቱካን የሚመስለው የእኔ ዓይን ነው» ትላለች። በማኅበራችን ጠላ ሲቀዳ ስለ ስኳር ታስተምረናለች። ሸማኔው ገሠሠ ድሮ የእኔን ፈትል ሳያይ የሚወስድ ሰው፣ እሷም እንደ እኔ ፈታይ ናትና ዛሬ የእሷን አስቀድሞ የእኔን በጣቱ እየዳሰሰ «ይጎረብጣል፤ እጅዎ ደከመ እንዴ?» ይለኛል። እጄ አልደከመም። ክሩ እየጠፋብኝ ነው፤ ጥቁር ጥቁር ነገርም እንደ ዝንብ ፊቴ ላይ ይዞራል። ቅናት ነው ካሉኝ፣ አዎ፣ ቅናት ነው! እርር ድብን ብያለሁ። እኔ ገብቼ ቢሆን ዛሬ ክሩ የሚጠፋባት እሷ እንደነበረች አውቃለሁ። ይህን ሳስብ ደግሞ ከልቤ ልረግማት እንኳ ስለማልችል የባሰ እበሽቃለሁ።

6. ይህን አቤቱታ የጻፈችው ራሷ አረጋሽ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልጄም ደብረ ብርሃን በትምህርት ላይ ናት። ጎረቤት ባጽፍ ዓይኔ መድከሙ በገበያው ይወራና ፈትሌን የሚገዛኝ አይኖርም። ምን ላድርግ፣ ምስጢሬን የማምናት እሷኑ ሆነች። ተራ ቁጥር 5 ላይ ስንደርስ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር። የአቤት ባይ ቃል አይሸራረፍም ብዬ አጽፌያታለሁ።

7. ስለዚህ ክቡርነትዎ «ትተዋል» የተባለውን አሰርዘው፣ ካሜራው ወደ ሞላሌ ሲመለስ ወይም እኔው መሐል ሜዳ ድረስ መጥቼ ዓይኔ እንዲታይልኝ እንዲያዙልኝ እለምናለሁ። የጥናቱ ሕግ አይፈቅድም ከተባለም በጥናቱ ባይሆን በሕክምናው መንገድ እንድላክ። በር ላይ የሚጠሩ ባለሙያዎችም «ይቅደሙ» የሚል ባለተራ ሲገጥማቸው ክንዱን ይዘው ያስገቡት። እኔ እንደሆን ከእንግዲህ ጳጳስ ቢመጣ አላስቀድምም።

የእርስዎን ዓይን ቅድስት ሥላሴ እንዲጠብቁልኝ እየለመንኩ፣
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ጥሩሸዋ ባምላኩ
(የጣት አሻራ)

የጸሐፊዋ ቃል፦ እኔ አረጋሽ ወሰኔ ስለ እኔ የተባለውን ምንም ሳልቀንስ ጽፌአለሁ። መግባቴም እውነት ነው፤ ፈርቼ ነበር። ከዚህ በታች ያለውን ግን ለአበልጄ አላነበብኩላቸውም። በግራ ዓይናቸው ጨርሶ አያዩም። ለእኔም አልነገሩኝም፤ በማኅበር ቤት ከግራ በኩል ዋንጫ ሳቀርብላቸው አለማየታቸውን አይቼ ነው ያወቅኩት። አሁንም አሻራቸውን ሲያኖሩ ጣታቸውን ይዤ ወረቀቱ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። እባካችሁ የቀረው ዓይናቸው ሳይሄድ ጥሯቸው። እኔ ይዣቸው እመጣለሁ፤ በሩ ላይ «ይቅደሙ» ቢሉኝም ክንዳቸውን ይዤ አስገባቸዋለሁ።