ላልቶ የተነበበው ቃል

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ሻል አለው? አባባ ትንፋሹ እንዴት ነው? እህል ይቀምስልሻል? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ባለፈው በስልክ «ከአጠገቡ አትራቂ» ብቻ ብዬ የዘጋሁብሽ የቀረውን በስልክ መናገር ከብዶኝ ነው። አሁን ሁሉንም ልንገርሽና የፈለግሽውን ፍረጂብኝ።

የአባባ የኦክስጅን ማሽን ድንገት ዝም እንደሚል፣ አጥፍተሽ ስታበሪው እንደሚመለስ የጻፍሽልኝ ጊዜ፣ መብራት እየተቆራረጠ ይሆናል ብዬ መለስኩልሽ። ሳላጣራ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ከሌሎች ቤቶችም ያው አቤቱታ ቢሯችን ሲመጣ ክው አልኩ። የማሽኑን ከርነል፣ በብረቱና በፕሮግራሙ መካከል ቆሞ የሚያስማማውን ክፍል፣ የምንጽፈው እኛ ነና። ብልሽቱም የጀመረው ከአዲሱ እትማችን ወዲህ ነው።

ቢሯችን ባሉት አዳዲስ ማሽኖች ብንሞክር ብንሞክር ወይ ፍንክች! ኋላ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ የአባባን የመሰለ አሮጌ ማሽን አወጣሁና አቧራውን ጠርጌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀጥ አለ። ከደህናው እትም እስከ ታመመው ድረስ ሺህ አራት መቶ ያህል ለውጦች ነበሩ። መሃሉን ይዤ እሞክራለሁ፤ በሽታው የሌለበትን ግማሽ እጥላለሁ፣ የቀረውን ደግሞ እከፍላለሁ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ግማሽ ቀን የማሽኑን ትንፋሽ እያዳመጥኩ ተቀመጥኩ። በስድስተኛው ቀን አንድ ለውጥ ብቻ ቀረ። ራስጌው ላይ ያለው ስም የኔ ነው።

እትዬ፣ ያጠፋኋት አንዲት መስመር ናት። ከእኔ በፊት ሥራውን የያዙት፣ ዛሬ ጡረታ የወጡት አዛውንት ደብተራቸው ላይ «ከነቃ በኋላ ይጠብቃል» ብለው ጽፈዋል። እኔ አላልቼ አነበብኩት። ከረረ ማለታቸው መስሎኝ ላላላው ብዬ መስመሯን ሰረዝኳት። አሁን ደውዬ ብጠይቃቸው ቃሉን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና፣ ልጄ፣ ጠብቆ ነው የሚነበበው አሉኝ። የማሽኑ መቆጣጠሪያ ኃይል ለመቆጠብ ካሸለበበት ሲነቃ፣ ብረቱ ነፍሱ እስኪመለስ ፕሮግራሙ ለቅጽበት ይታገሠዋል ማለታቸው ነበር። አዲሱ ብረት ቶሎ ስለሚነቃ ጥፋቴ አልታየም። የአባባ ግን አርጅቷል፤ ሳይጠበቅ ይጠራል፣ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ሁለቱም ደርቀው ይቆማሉ።

አባባ ችኩሉ እያለ ሲጠራኝ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እያለ ሲመክረኝ እስቅ ነበር። ለካ ያፈሰስኩት እኔ፣ የለቀምሽው አንቺ ነሽ፤ ወንበርሽን አስጠግተሽ፣ ጆሮሽን ማሽኑ ላይ ጥለሽ። አፍሬያለሁ። ይቅር በይኝ። ለአባባ ራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ።

መስመሯን መልሻታለሁ፤ አሮጌው ማሽን ይኸው አራት ቀን ሳያቋርጥ ይሠራል። እርማቱን ግን ሌሎች ሁለት ሰዎች ሳይመረምሩት አይወጣም፤ ዘንድሮ እኔም አላስቸኩልም። በመጪው ሳምንት ከቴክኒሻኑ ጋር አብሬ እመጣለሁ። እስከዚያ ትርፉን የኦክስጅን ሲሊንደር ከአልጋው አታርቂ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ተራ እየገባ የሚያሳርፍሽን ባልሽን፣ ውለታህ አለብኝ ብሏል በይልኝ። ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባን እስክደርስ ጠብቂልኝ። ይህችን ቃል አጥብቀሽ አንብቢያት።

ታናሽ ወንድምሽ፣ ችኩሉ

ከግምጃ ቤቱ አጠገብ ካለችው የሥራ ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን