የስሎት ስምንት ክዳን

ሰኞ፣ የካቲት 3

ተራ ቀን። ታክሲ ቶሎ አገኘሁ። አባዬን ቁርስ አብልቼ፣ ሬዲዮኑን እጁ ሥር አድርጌለት ወጣሁ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ያሉት ሬዲዮኑና እኔ ነን... እኔ ሁለተኛ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታ፣ በራውተሩ ስሎት ሰባት ላይ ያለው ካርድ እንደገና ጠፍቶ ተነሳ። ራውተሩ ቁም ሳጥን ያህላል፤ ካርዶቹ ስሎት በሚባሉት ማስገቢያዎች መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ ጎን ለጎን ተሰክተውበታል። የከተማው ግማሽ ስልክና ኢንተርኔት በእነሱ ነው የሚያልፈው። እያንዳንዱ ካርድ የመጣለትን ተቀብሎ፣ በዓይን ጥቅሻ፣ አንተ በዚህ፣ አንቺ በዚያ እያለ ይሸኛል። ሰባት ሲወድቅ ሰፈር ሙሉ ሰው «ሃሎ? ሃሎ?» እያለ ይቀራል።

«ካርዱ ነው የታመመው» አልኩ። አብሮኝ የሚሠራው ፍሬኑ «ቆይ እስቲ፣ ቆይ...» አለ። ፍሬኑ ያልኩት ለዚህ ነው። ሰላም ሲሉት እንኳ «ቆይ» ሳይል አይመልስም።

መጠባበቂያውን ከመጋዘን አወጣን። እንደ ልማዳችን እሱ «ሰባት!» ብሎ ጮኸ፣ እኔ ካርዱን በጣቴ ነክቼ «ሰባት!» አልኩ፣ ከዚያ ሳብኩ። አንዱ ሳይጠራ ሌላው ሳይመልስ ካርድ አይነቀልም። ጤነኛውን ነቅሎ ከተማውን ድዳ ያደረገው ሰውዬ ወሬ እዚህ ቤት ገና አልበረደም።

አለቀ። እኔ የነካሁት ብልሽት አይመለስም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተመለሰ።

መጠባበቂያውም ከሰዓት ላይ ወደቀ። ፍሬኑ «የሙቀት ማስጠንቀቂያ አለ፣ አይተሻል?» አለ። አይቻለሁ። «የታመመ አያተኩስም?» አልኩት። እኔ እንደሆንኩ መልስ አላጣም።

ሁለቱም ካርዶች ከአንድ ምርት የመጡ ናቸው፣ ያው አንድ እናት የወለደቻቸው። ለሻጩ እንመልሳቸውና ሌላ ይላክልን ልል አለቃ ቢሮ ገባሁ። ሻይ ቀዱልኝ። የሻይ ማንቆርቆሪያቸው መቼም ከጠረጴዛቸው አይነሳም። ጠረጴዛው እንዳይቃጠል ደግሞ ከሥሩ ዳርና ዳሩ የተበሳ ቆርቆሮ ቢጤ አድርገውለታል፣ ቄንጠኛ ናቸው እኮ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«እንደ ስሜ።»

ዓርብ፣ የካቲት 7

የአባዬ አውራ ጣት ተቃጥሏል። ምን ነካህ ስለው «ምንም፣ ምንም» ብሎ እጁን ደበቀ። ምን እየሠራ ነው ይሄ ሰውዬ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አዲሱ ካርድ መጣ። ሻጩ «የመለሳችኋቸውን መረመርናቸው፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው» ብሎ ደወለ። ድሮስ ነጋዴ የራሱን ዕቃ ሊያማ ኖሯል?

አለቃ ግን ፊታቸው ጠቁሯል። «ይሄኛውም ከወደቀ ክፍሉን ለኮንትራክተር እሰጣለሁ። አንቺም ወደ ቅርንጫፍ ትዛወሪያለሽ።» ቅርንጫፉ የሙሉ ቀን መንገድ ነው።

አባዬስ? እሱ በዳበሳ የሚያውቀው ይሄን ቤት ብቻ ነው። የበሩን እጀታ፣ የደረጃውን ጠርዝ፣ መብራት ማጥፊያውን፣ ሁሉንም በእጁ ያያል። ሌላ ቤት ብወስደው እንደገና መታወር ማለት ነው። ትቼው ብሄድስ... እንዴት አድርጌ?

«አይወድቅም» አልኳቸው። ሰባት፣ ሰባት፣ ተባብለን አስገባነው። አይወድቅም።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ወደቀ።

ሦስት ካርድ። ሦስቱም ይታመማሉ? ፍሬኑ «ቆይ» እንኳ አላለኝም። ከሁሉ ያ ነው የከፋኝ።

የዝውውሩ ደብዳቤ ሐሙስ ይደርሰኛል። ለአባዬ ነገርኩት። «ሂጂያ» አለ። «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ተናደድኩ። እንባዬም መጥቶ ነበር፣ መለስኩት። የሆነ ነገር አልፎኛል። ምን እንደሆነ ነው የጠፋኝ እንጂ የማልፈታው ሆኖ አይደለም!

እሑድ፣ የካቲት 16

ሙቀቱ አይጣል ነው። ለአባዬ ማራገቢያውን አልጋው አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር አቆምኩለት።

«መስኮቱን ዝጊው እንጂ!» አለ። «ለጎረቤት ነው እንዴ የምታራግቢው?»

ሳቄ መጣ። ዘጋሁት። ወዲያው ነፋሱ እሱ ጋ ደረሰ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ተርገበገበ። ቆሜ ቀረሁ።

ስሎት ስምንት! የሻጩ ሰዎች የካቲት ሳይገባ ለሙከራ አስገብተውት የነበረውን ካርድ ነቅለው ሲሄዱ ክፍት ትተውት ነው የሄዱት። እኛም ባዶ ነው ብለን ንቀን አለፍነው። የራውተሩ ማራገቢያ የሚገፋው ነፋስ ክፍት በር ካገኘ በካርዶች መሃል ምን አጋፋው? ሰባት ጎረቤቱ ነው፣ እሱ ታፍኖ ይቀቀላል።

ምሳዬን ትቼ ሥራ ቦታ ከነፍኩ። ተረኛው ፍሬኑ ነበር። እጄን ስምንት አፍ ላይ ሳደርግ ቀዝቃዛው ነፋስ ጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። የሰባት ጎን ግን ይፋጃል።

«ካርዶቹ ጤነኛ ነበሩ። ሦስቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ቆይ፣ ቆይ... እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩለት። እንዲህ ፈገግ ሲል አይቼው አላውቅም።

ባዶ ስሎት የሚዘጋበት የብረት ክዳን አለው፣ ጠፍጣፋ፣ ዳርና ዳሩ የብሎን ቀዳዳ ያለው። መጋዘኑን አገላበጥን፣ የለም። ቆይ... ዳርና ዳሩ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ የት ነው ያየሁት?

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጠዋት አለቃ ቢሮ። ብቻቸውን እስኪሆኑ ጠበቅሁ።

«ሻይ ልቅዳልሽ?»

«ሻዩ ይቆይልኝና መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ካርዶቹ ምንም አልነበረባቸውም፣ ያለ ጥፋታቸው የመለስኳቸው እኔ ነኝ። የሚያሞቀው የስሎት ስምንት መከፈት ነው። አሁን ደግሞ ማንቆርቆሪያውን ያንሱልኝ።»

አነሱት። ቆርቆሮውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማሽን ክፍል ወለል ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት» አሉ። «የማንም አልመሰለኝም።»

«የስምንት ነው።»

ጆሯቸው ቀላ። በመሃረባቸው የሻዩን ነጠብጣብ ጠርገው፣ አሹት፣ ደግመው አሹት፣ ከዚያ ሰጡኝ። ከበሩ ሳልወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ነገር... ወሬ ይሆን ይሆን?» አሉ።

«ራውተር ሥራው ማሳለፍ ነው፣ ማውራት አይደለም» አልኳቸው። ሳቁ። ደብዳቤውን ግን ቀረ አላሉም። «እስከ ሐሙስ እንየው።»

ፍሬኑ «ስምንት!» አለ። «ስምንት!» አልኩ። ሁለቱን ብሎኖች አጠበቅኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ሰባት አልወደቀም። ከሰዓት በኋላው እንደ ሰሞኑ ሁሉ ነዶ ነበር፣ እሱ ንቅንቅ አላለም። ዝውውሩ ቀረ! ከዛሬ ጀምሮ ባዶዎቹንም ስሎቶች በየተራ እየጠራን እንድናይ አዘዝኩ። ፍሬኑ አንድ ገመድ ሊነቅል እጁን ሲሰድ «ቆይ» አልኩት። ዞሮ አየኝ። ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

እየበረርኩ ቤት ገባሁ። «አባዬ፣ የትም አልሄድም!»

አውራ ጣቱን አሸት አደረገና «እና እኔ በከንቱ ነዋ የተቃጠልኩት» አለ።

ለካ እኔ ሥራ ስውል ሻይ ማፍላት ሲለማመድ ነው የከረመው። መጀመሪያ እኔን ላለማስቸገር፣ ዝውውሩን ከሰማ ወዲህ ደግሞ ልቤ ሳይሰቀል እንድሄድ።

«ተቀመጪ፣ ላሳይሽ» አለ። ብድግ ልል ነበር... ቆይ አልኩ ለራሴ። ተቀመጥኩ። ምድጃውን ዳብሶ አገኘ፣ አቀጣጠለ። ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው አፍ ላይ አድርጎ ነበር፣ ጠብታ አልፈሰሰም። ከጣሳው ቆንጥሮ ጨመረና አማሰለልኝ።

ቀመስኩት። ጨው ነው።

«እንዴት ነው?» አለ፣ አንገቱን ወደ እኔ አስግጎ።

እስከ አተላው ጠጣሁት። ብርጭቆዬን እጁ ላይ አስያዝኩትና «ድገመኝ» አልኩት።