ከመጨበጫው ቆዳ ሥር

ውድ የእናቴ ባል፣

«ውድ» ያልኩዎት ደብዳቤ በሌላ ቃል ስለማይጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይጠረጥሩ። መጠርጠሩን ለእኔ ይተዉልኝ። ትናንት ስልኩ የተቋረጠውም በመስመር ችግር አይደለም። ጆሮዎ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። «ወደ ሥራ ቤቱ ልመለስ ወይ?» ላሉኝ መልሴ ይኸው። በጽሑፍ ይሻለኛል፤ በጽሑፍ ማንም አያቋርጠኝም።

እውነቱን ልንገርዎት፣ እናቴን ካገቡ ጀምሮ አላመንኩዎትም። ደግ ነበሩ፤ ደግነትዎንም ጠርጥሬዋለሁ። ለራስዎ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ሲቀዱ እንኳ «ቆጣቢ ለመምሰል ነው» እል ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሆዴን የበላኝ ያ የሚቀረቀረው የሥራ ቤቱ በር ነው።

የቀስት ደጋን መሥራት ምን የሚደበቅ ነገር አለው? ከጫፍ እስከ ጫፍ ጉጥ የሌለው ረጅም እንጨት እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ አጭሩን ግንድ ለሁለት እንፈልጠዋለን፤ ሁለቱን ፍልጦች፣ እህትማማቾቹን፣ በግርጌያቸው በኩል አገናኝተን መጨበጫው ላይ እንገጥማቸዋለን። የአንዱ ጥርስ በሌላው ጥርስ መሐል ይገባል፣ ጣት ከጣት እንደሚቆላለፍ። ከዚያ ኮላ፣ ከኮላው በላይ ቆዳ። ግንዱን ሲፈልጡ፣ ሲልጉ፣ ክንፎቹን ሲያጎብጡ ሰው ሁሉ ያያል። የመግጠሙ ቀን ሲደርስ ግን እናቴን «ኮላውን ታሙቅልኝ» ብለው ይዘዋት ይገቡና በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል። ኮላ ማሞቅ ይህን ያህል ምን ምሥጢር አለው? ጆሮዬን ጥዬ የሰማሁት የመጋዝ ድምፅና የእሷን ሳቅ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን አናጺው አንድ ቀን ከንፈሩን ወደ በሩ አሹሎ፣ «ሚስማር እየቀበረበት ነው» አለኝ። «እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ያለ ሚስማር አይቆምም። እናትሽም ታውቃለች። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚባለው ለምን መሰለሽ?»

አመንኩት። ደግዎን ለማመን ዓመታት ያልበቁኝ ሰው፣ ክፉዎን ለማመን ደቂቃ አልፈጀብኝም።

እናቴ ስታርፍ፣ ከሐዘኑ በኋላ «እጄ ደክሟል» ብለው ዕቃዎን ሸክፈው እህትዎ ወዳሉበት ከተማ ሄዱ። እሷ ከሌለች እኔ ለሰውየው ምኑ ነኝ ብዬ ተቀየምኩ። ሥራ ቤቱን እኔው ያዝኩት። መላግና ማጉበጥ አውቃለሁ፤ መግጠም ግን ማን አሳይቶኝ? ስለዚህ ጥገና ብቻ ስቀበል ከረምኩ።

በቅርቡ የስፖርት መምህሩ ከእርስዎ የገዛውን ደጋን ይዞ መጣ። ደጋኑን ያስቀመጠበት የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውሃ ገብቶበት ኖሮ መጨበጫው መነቃነቅ ጀምሯል። «ከእሱ በቀር ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም ነበር፤ ምን ላድርግ፣ እሱ የለ» አለኝ፣ ከላይ እስከ ታች እያየኝ።

ገና ከመውጣቱ ቆዳውን ቀደድኩት። ማግኔት አዘጋጅቼ ነበር። ሚስማሩን ባገኝ በፖስታ ልልክልዎት ሁሉ አስቤ ነበር። ማግኔቱ ዝም አለ። ማግኔቱንም ጠረጠርኩና ከአናጺው ሌላ ተዋስኩ። እሱም ዝም። በመጨረሻ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ መጋጠሚያውን አላቀቅኩት። ንጹሕ እንጨት። ጥርሶቹ ላይ ግን ለመጋዙ መሄጃ እንዲሆኑ በቢላ የተጫሩ መስመሮች አሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን አዘንብለዋል። በቁራጭ እንጨት ላይ በቀኝ እጄ ሞከርኩ፤ የእኔ ወደ ሌላው ጎን አዘነበለ። ቢላውን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩ። ልክ እንደዚያው ሆነ።

እርስዎ በቀኝዎ ነው የሚሠሩት። በቤታችን ግራኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

አገሩ ሁሉ «የእሱ መጋጠሚያ» እያለ የሚምልበት ሥራ የእሷ ነበር። ከዚያ ደሜ ፈላ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ደወልኩልዎት።

«የእናቴን ስም ሰርቀው ነው የኖሩት!» አልኩዎት፣ ሰላም እንኳ ሳልል።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«እንጨቱ!»

«እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ። ገና ሳላገባት ጀምሮ ነው። ባለ ሁለት እጀታውን መላጊያ ስይዝ አንዱ እጅ ሌላውን ይደግፈዋል። መጋዝ ሲሆን ግን አልችልም። እሷ አየችና መጋዙን ከእጄ ወሰደችው።»

«ለእኔስ ለምን ተደበቀ? ባዕድ ነበርኩ?»

«ልንገራት ስላት እሺ አትለኝም። ‹ካወቀች ታዝንልሃለች። ልጄ እንድታዝንልህ አይደለም፣ እንድታከብርህ ነው የምፈልገው› ትለኝ ነበር።» ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ልመለስ ወይ?» አሉኝ። የዘጋሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ እሷንም ጠረጠርኳት፤ የገዛ እናቴን! የእርስዎን ገመና ስትሸፍን እኔን በደጅ ያስቀረችኝ መሰለኝና ቅናት አንገበገበኝ። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባኝ። እሷ በሩን የምትቀረቅረው እንዳከብርዎት ብላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከበሩ ውጭ ቁጭ ብዬ ጥርጣሬዬን ስቀልብ ኖርኩ። ይህን ሳስብ አለቀስኩ። ግማሽ ብርጭቆ ሻይዎም ትዝ አለኝ። ለካ ሙሉው ይፈስብዎት ኖሯል።

«ለካ» አልኩ እንጂ ገና አላረጋገጥኩም። እጄ ይንቀጠቀጣል ማለት በስልክ ቀላል ነው፤ በስልክ እጅ አይታይም። ምስክርዎም ሞታለች። እና እንዴት አድርጌ ልመንዎት?

ስለዚህ ይምጡ። የመምህሩን ደጋን ስላፈረስኩበት «አዲስ እንሠራልሃለን» ብዬዋለሁ፤ ማንና ማን ሆነን እንደምንሠራ አልጠየቀኝም። ሁለቱ ፍልጦች እንጨት መያዣው ሞርሳ አጠገብ ተቀምጠዋል። መጋዙን እሰጥዎታለሁ፣ ፊቴ ቆመው ይቆርጣሉ። እጅዎ ካልተንቀጠቀጠ ውሸታም ነዎት፤ በመጡበት አውቶቡስ ይመለሱ። ከተንቀጠቀጠ ግን መጋዙን እቀበልዎታለሁ። እርስዎ እንጨቱን ይያዙልኛል፣ እሷ እንዴት ትቆርጥ እንደነበረም እየነገሩኝ እኔ እቆርጣለሁ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እጅዎ እንዲንቀጠቀጥ እየጸለይኩ ነው።

ገና ያላመነችዎት
የሚስትዎ ልጅ