ሽታ አልባው ቁንዶ በርበሬ

ጥር 9
ዛሬም እሽጎቹ ላይ መለያ ስለጥፍ ዋልኩ። ሚጥሚጣው ላይ ቀይ፣ ቁንዶ በርበሬው ላይ ጥቁር። እጄ ለምዶታል፤ ልቤ ግን እምቢ አለ። ስንት ዓመት የዚህ ፋብሪካ ቅመም ቀማሽ እኔ ነበርኩ… ጉንፋን መሳይ ነገር አልጋ ላይ ጥሎኝ ከረመ፤ ስነሳ አፍንጫዬ የለም። ማለቴ አለ፤ ግን ለጌጥ።
ቅመሳ ክፍሉን አሁን ያሠለጠንኳት ልጅ ይዛዋለች። ቀጭኗ ነው የሚሏት። ጎበዝ ናት። ሰነፍ ብትሆን ይቀለኝ ነበር?

ጥር 11
እማዬ ተስፋ አልቆረጠችም። ከሥራ ስገባ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ከጀርባዋ የደበቀችውን ድስት አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።
"ይሄስ?"
"ምንም።"
"ያረረ ወተት እኮ ነው። ቤቱ በሙሉ ከርፍቷል።"
"እንግዲያው ታድዬ።"
ሳቀች። እኔም።

ጥር 14
በረንዳው ላይ የእማዬን ቃሪያ ውሃ ሳጠጣ አንዱን ቀጥፌ ነከስኩት። አቃጠለኝ። ከምላሴ ጫፍ ተነስቶ ከንፈሬን ያዘ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሽታ የለም፣ ጣዕሙም ወረቀት ነው። ማቃጠሉ ግን እንዳለ። ለካ ማቃጠል እንደ ቁንጥጫ ነው… አፍንጫ አያስፈልገውም። እስከ ዛሬ እንዴት አላሰብኩትም?
ጓዳ ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ ቀመስኩ። ሚጥሚጣ ጥፊ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ። በርበሬ ቀስ እያለ ይሞቃል። ቁንዶ በርበሬ ሌላ ነው፤ ምላስ ላይ ይቆነጥጥና ጉሮሮ ላይ ይቆያል። ነጩም እንደዚያው፤ ቅርፊቱ የተገፈፈ ነው እንጂ ፍሬው አንድ ነው።
እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። "እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም እንዴ?"
"ቃሪያ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ አዎ። ቁንዶ በርበሬ ግን በስም ብቻ ነው የሚመስላቸው። እሱ ሐረግ ነው፤ ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ።"
"ሞክሼ ናቸው በይኛ።"
ውሃ በውሃ ላይ ጠጣሁ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጥር 20
ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። አቀርቅሮ ነው ያወራው። "ወሩ ሲያልቅ ቦታው ለቀጭኗ ይጸድቃል። ምን ላድርግ እህቴ… አፍንጫ የሌላት ቀማሽ…" አልጨረሰውም።
"ገባኝ" አልኩት።
ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። እሺ፣ ትንሽ።

ጥር 23
የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ነው የምጽፈው።
አዲስ ቁንዶ በርበሬ ገባ። መጋዘኑ ጢም ብሏል። ተፈጭቶ ውጭ አገር የሚላክ ትልቅ ትዕዛዝ ነው። አቅራቢው የረጅም ጊዜ ደንበኛችን፣ ሲያዩት የሚታመን ሰው። ቀጭኗ አሸተተችና "ግሩም ነው" አለች። ሥራ አስኪያጁም አሸተተ። ሁሉም አስነጠሳቸው፤ ተሳሳቁ።
እኔ በልማድ ከጆንያው ቆንጠር አድርጌ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። አንዱ ፍሬ ቆነጠጠኝ። ቀጣዩ… ምንም። መረር ብሎ ጠፋ። ሌላው ቆነጠጠ። ሌላው ምንም።
ምላሴም ከዳኝ እንዴ? ከሌላ ጆንያ ወሰድኩ። ያው ነው።
ቀጭኗን ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኳት። "አታሽቺ። አፍንጫሽን ያዢና አንድ በአንድ አኝኪ።"
አኘከች። ዓይኗ ፈጠጠ። "እትዬ… ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"
በምላጭ ሰነጠቅናቸው። የሚቆነጥጠው ውስጡ ነጣ ያለ፣ ድፍን። ያኛው ጠቆር ያለና ልል። የደረቀ የፓፓያ ዘር። ከቁንዶ በርበሬው ብናኝ ጋር ታሽቶ ሽታውን ተውሷል። ሽታው ሁሉንም ሸነገላቸው። እኔን በየት በኩል ይሸንግለኝ?

ጥር 24
ሥራ አስኪያጁ ጭነትህን መልሰህ ውሰድ ብሎት አቅራቢው እየተቆጣ መጣ። "በዚህች ሴት ቃል ነው የምትመልሱኝ? ማሽተት አትችልም ሲሉ ሰምቻለሁ።"
"አልችልም" አልኩት። ከገዛ ጆንያው እፍኝ ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። "ይቅመሱት።"
አየው። አልነካውም። ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ መጥተው ጭነታቸውን መልሰው ወሰዱ። ሥራ አስኪያጁ "ወፍጮ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አልቆልን ነበር" እያለ ግቢውን ሲዞር ዋለ።
ለእማዬ ነገርኳት። እስኪመሽ አልጠበቀችም፤ ጎረቤቱን በሙሉ አዳረሰችው።

ጥር 30
ቀጭኗ ራሷ ናት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የገባችው። ጸሐፊዋ ነገረችኝ። "ብቻዬን አልቀመጥበትም። ወይ እሷ ትምጣ፣ ወይ እኔም መለያ ልለጥፍ" አለችው አሉ። ይቺ ልጅ… ምን ብዬ ላመስግናት?
ማታ ሳልወጣ ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ አገኘኝ። "ያን ቀን ያልጨረስኩትን ነገር… እንዳልሰማሽው ቁጠሪልኝ።" የቅመሳ ክፍሉን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠ።

የካቲት 8
ቅመሳ ክፍል ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። ሥርዓቱን እኔ አወጣሁ፤ መጀመሪያ እኔ አኝካለሁ፣ ቀጥሎ እሷ ታሸታለች። አፍንጫዬ እስካሁን አልተመለሰም። ይመለስ ይሆን? ከተመለሰ እሰየው።
ዛሬ አዲስ አቅራቢ መጣ። ነጭ ቁንዶ በርበሬ። መኪናው ከበሩ ውጭ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል፤ ሰውየው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ጥበቃው፣ ሁሉም አፍ አፌን ያዩኛል። አልተቻኮልኩም። አንድ በአንድ አኘክሁ። ቆነጠጠኝ። ጉሮሮዬ ላይ ቆየ።
ቀጭኗ አሸተተችና አንገቷን ነቀነቀችልኝ።
"ይግባ" አልኩ።
በሩ ተከፈተ።