ቧሂት ላይ የያዘው ብርድ

ረቡዕ፣ ገንዳ ውሃ

ደሴና ትብለጥ አንድ ነገር ደብቀውኛል። ዛሬ ጓደኛዬ ትብለጥ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ጎራ ስል፣ እጮኛዬ ደሴ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ከሷ ጋር ይንሾካሾካል። ሲያዩኝ ፈጥነው ተራራቁ! "ስለ ቅዳሜው የቧሂት ጉዞ ነው" አለች ትብለጥ። እኔስ አልሄድም እንዴ? ደሴ ከሰሊጥ አጨዳው ከተመለሰ ወዲህ እንደወትሮው አይደለም፤ እራቱንም ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዓርብ፣ ደባርቅ

ኧረ ብርዱ! ሹራብ በሹራብ ደርቤም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ነገ ቧሂት ተራራን ወጥተን በዚያው ቀን እንመለሳለን። ጥንት እሳተ ገሞራ ነበር፣ አሁን ጠዋት ጠዋት በረዶ ይጋገርበታል ይላሉ። በረዶ በእጄ መንካት የልጅነት ምኞቴ ነው፤ ደሴም "ከመጋባታችን በፊት አሳይሻለሁ" ብሎኛል።

ታዲያ አውቶቡስ ውስጥ ለምን ከትብለጥ ጎን ተቀመጠ? ምሳ ላይም በጠረጴዛው ሥር የሆነ ነገር አቀበለችው። አየሁ! "ማስቲካ ነው" አለኝ። ማስቲካ በጠረጴዛ ሥር!

እሑድ፣ ደባርቅ ሆስፒታል

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

በረዶው ጋ ደርሰን ነበር። ቋጥኝ ሥር ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ነክቼው እልል ብዬ ዞር ስል፣ ደሴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይንዘፈዘፋል። መሣሪያ አንግበው አብረውን የወጡት የፓርኩ ጠባቂ ጋሽ አስማረ "ቆለኛ አይደል? ብርድ ነው፤ ሲራመድ ይተወዋል" ብለው ጋቢያቸውን አለበሱት። ግንባሩ ግን እሳት ነው። ይህን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ ታላቅ ወንድሜን እርሻ ላይ የገደለው እሱ ነው። "ወባ ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

ትብለጥ አለቀሰች። ለካ ደሴ ጉዞው ሳይጀመር ታሟል። "ከሰማች ትቀራለች፣ ምኞቷን አላበላሽባትም" ብሎ አስምሏታል። የወባ ክኒን በድብቅ ትሰጠዋለች፤ እሱ ደግሞ የዋጠውን እያስመለሰ ለሷም አልነገራትም። ጋሽ አስማረና እኔ ደግፈን፣ እየወደቅን እየተነሳን መንገዱ ዳር የሚጠብቀን መኪና ድረስ አወረድነው።

እኔ እኮ ምን ምን ስጠረጥር ነበር! ጌታዬ፣ ብቻ አትርፍልኝ።

ሰኞ

ትኩሳቱ ወረደ፣ ተመስገን! ሾርባ ጠጣና "በረዶው እንዴት ነበር?" ብሎኝ ሳቀ። "ልትሞትብኝ ነው የወሰድከኝ?" ብዬ ጮኽኩበት፣ አለቀስኩም። "ወንድምሽን እያሰብሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው" አለ። ለሷ ተነግሮ ለእኔ መደበቁ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ሐኪሙ ነገ ትወጣላችሁ ብሏል። እኔ እንጃ። ደሴ "ደህና ነኝ" ባለኝ ቁጥር ግንባሩን እነካለሁ። ይናደዳል። ይናደድ!